ያጠፈው ቤቱ ነው

ክረምት በገባ ቁጥር የኮተቤ ጎረቤቶቼ የተሰበረ ጃንጥላ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ሰፈሩን ስገባ ሥራዬን ቢጠይቁኝ ጃንጥላ ክፍል ነበርኩ ብዬ መልሼ ነበር፤ በዚያው ቀረ። እኛ ጃንጥላ የምንለው ከአውሮፕላን ሰውና ዕቃ የሚያወርደውን፣ የዛሬ ልጆች ፓራሹት የሚሉትን መሆኑን ስንቴ አስረዳሁ። አንዷ ጎረቤቴ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰምታኝ ስታበቃ፣ የእኔዋማ ትንሽ ናት አታቅትሽም ብላ ሽቦው የተጣመመ ጃንጥላዋን ጭኔ ላይ አኖረችው። ጠገንኩላት፤ ምን ይደረጋል።

ዘንድሮ ግን መርፌዬንና መቀሴን ሰቅያለሁ። ጡረታ ስወጣ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ መጀመሪያ ከጦር ሰፈሩ፣ አሁን ደግሞ መገናኛ አጠገብ ካለው የድንኳን ስፌት ቤት። ልጆቼ ትዝታሽን ጻፊው እያሉ ሲጨቀጭቁኝ የኮሎኔል መርሻን ጀብዱ የምጽፍ መስሏቸዋል። እሱንም እጽፋለሁ፤ ሜዳሊያው የሚገባቸው ሰው ናቸው። ነገር ግን ኮሎኔሉ ከሚቃጠል አውሮፕላን ሲዘሉ ያወረዳቸውን ጃንጥላ ማን እንዳጠፈው ለማወቅ ከአርባ ዓመት በላይ ሲፈልጉ ኖረዋል። እኔ አውቃለሁ። አልናገርም ብዬ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ጣጣ ይኸው ነበር።

ጦር ሰፈሩ የገባሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ልብስ ስፌት ተምሬ ቀበና ከእናቴ ጋር ሥራ ስጠብቅ፣ እጀ ቀልጣፋ ሴቶች ለሲቪል ሥራ ይፈለጋሉ ተባለና ሄድኩ። ፈተናው የሚገርም ነበር። አንድ የሚያነክሱ ጠይም ሰው ለእያንዳንዳችን ውሉ የጠፋ የክር ልቃቂት ሰጡንና ፍቱት ብለው ወጡ። ሲመለሱ ክሩን አላዩም፤ ፊት ፊታችንን እያዩ ዞሩ። አንዷ ጨርሳ ነበር፣ በጥርሷ እየበጠሰች። አሰናበቷት። እኔ ገና ግማሽ ላይ ሆኜ እያንጎራጎርኩ ደረሱብኝ። «አንቺ ነገ ነይ» አሉኝ። ከአጠገቤ ደግሞ አንዲት ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ልቃቂቷን ፈትታ፣ መልሳ ጠቅልላ፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። እሷንም ነገ ነይ አሏት። ልጅቱ አስካለ ናት፤ ሰውየው ደግሞ የጃንጥላ ክፍሉ አለቃ ሻምበል ባሻ ወልዴ።

ሻምበል ባሻ ድሮ አየር ወለድ ነበሩ። ቁርጭምጭሚታቸው አንድ ዝላይ ላይ ተሰብሮ በትክክል ባይገጥምላቸውም መዝለሉን አልተዉም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው የሴቱንም የወንዱንም ራስ ያሸትታሉ። ቅቤ የተቀባ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። «ቅቤ ያለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ያለበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳ ያለበት ለቅሶ አለ» ይሉናል። አንድ ጊዜ አንዲት አዲስ ሙሽራ ከመልሷ በማግስቱ ቅቤዋ ከግንባሯ እየወረደ መጣች። ተቆጥተው ይመልሷታል ብለን ስንጠብቅ እልል አሉላትና፣ ከኪሳቸው ሳሙና አውጥተው ሰጥተው ወደ ቧንቧው ሸኟት። ሙሉ ቀን ስትታጠብ ዋለች። ማታ ባሏ ቅቤው የት ገባ ብሎ ተጣላት አሉ።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። ቤቱ በምንለው ክፍላችን ውስጥ ሁለት ሰው ከተኳረፈ፣ በኩርፊያው ቀን የታጠፈውን ጃንጥላ ለይተው ያስቀምጡና እሱን ይዘው ራሳቸው ይዘላሉ። ንዴት በእጥፋት ውስጥ ይገባል የሚል እምነት ነበራቸው። እኛም እሳቸውን ላለመግደል ስንል ቶሎ ቶሎ እንታረቅ ነበር። ባለትዳሮቹ ይህን ነገር ምነው ቤታችን ውስጥ ባመጡልን ይሉ ነበር።

ሥራው ለሁለት ነው። ጠረጴዛው ከወዲህ ግድግዳ እስከ ወዲያ ግድግዳ ይደርሳል። ያዧ ጫፉን ወጥራ ትይዛለች፣ አጣፊዋ ጨርቁን ገጽ በገጽ እየደረበች፣ አሸዋ የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች እየጫነችበት ትሄዳለች። ገመዶቹ እንደ ሹሩባ ተደርድረው ይተኛሉ። መጨረሻ ላይ፣ ገመዶቹ ከትጥቁ ቀለበት ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ ሰም በነካ ክር አንድ ጠንካራ ቋጠሮ ይቋጠራል። ጃንጥላው አየር ላይ ሲከፈት ሌላው ልፋታችን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይበተናል፤ ያ ቋጠሮ ብቻ ሳይፈታ ይቀራል። እኔና አስካለ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርን፤ አንድ ቀን እሷ ታጥፋለች፣ በማግስቱ እኔ።

አስካለ ግራኝ ናት። ይህን የምታውቁት ግን ስትቋጥር ካያችኋት ብቻ ነው። እናቷ በልጅነቷ ግራ እጇን እየመታች ስላስተወቻት ስትበላም፣ ሰላም ስትልም፣ ዕቃ ስታቀብልም በቀኟ ነው። ቋጠሮ ላይ ስትደርስ ግን ግራው ሳታዘው ይቀድማል። የመጀመሪያ ቀን ሻምበል ባሻ ቋጠሮዋን አገላብጠው አይተው፣ ከሌሎቻችን ወደ ተቃራኒው መዞሩን አስተዋሉ። ደንግጣ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። «በየትኛውም ይሁን፣ ይጥበቅ» ብለዋት አለፉ። አስካለ በዚያን ቀን በሥራ ሰዓት ስትስቅ መጀመሪያ አየኋት።

የቤቱ ትልቁ ሕግ ግን ሌላ ነበር። አንድ ጃንጥላ በደንብ ተከፍቶ ዘላዩ መጥቶ ማን አጠፈልኝ ቢል፣ መልሱ «ያጠፈው ቤቱ ነው» ነው። ሳይከፈት ቢቀርና አለቆች መጥተው ማን አጠፈው ቢሉም መልሱ ያው ነው። ልጅ ሳለሁ ሕጉ አይገባኝም ነበር። እኔ ያጠፍኩት መቼም አሳምሮ ይከፈታል ብዬ ስለማስብ ስሜ እንዲጠራ እፈልግ ነበር።

የምሥራቁ ጦርነት ሲፋፋም ክረምት ነበር። በረሃ ውስጥ የተከበበ ጦር ውሃ አልቆበት ነበርና፣ ውሃ በበርሜል ተሞልቶ ከጭነት አውሮፕላን በጃንጥላ እንዲወርድለት ተወሰነ። አውሮፕላኑን የሚያበሩት ያን ጊዜ መቶ አለቃ የነበሩት መርሻ ናቸው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ወጣት። የጃንጥላ ክፍል ሴቶች ሁሉ ለምን እንደሆነ እንጃ እሳቸው ሲመጡ ጋውናችንን እናስተካክል ነበር።

ጃንጥላ ከመታጠፉ በፊት ማማ ላይ ተሰቅሎ መድረቅ አለበት። ዝናቡ ግን ፋታ ነሣን። ሻምበል ባሻ ጨርቁን በጉንጫቸው እየነኩ አልደረቀም ይላሉ፤ ከላይ የመጣው ትእዛዝ ሰዉ በውሃ ጥም እያለቀ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ነበር። ሻምበል ባሻ ጨርቁን አንድ ጊዜ ደግመው በጉንጫቸው ነኩና እጠፉ አሉን። አጠፍን።

በማግስቱ ከሰዓት አውሮፕላኑ ተመለሰ። ከጃንጥላዎቹ ገሚሱ ተከፍቷል፤ ገሚሱ ግን እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠቅልሎ እንደቀረ ወርዷል። በርሜሎቹ ድንጋይ ላይ ተፈጠፈጡ። መቶ አለቃ መርሻ ከላይ ሆነው፣ ወታደሮቹ እየሮጡ ሄደው እርጥቡን አሸዋ ሲዝቁ አይተዋል። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢሳደቡ ይሻለን ነበር። ያልተከፈቱት የማን እንደነበሩ ማንም አያውቅም፤ ሁላችንም እርጥብ ነው ያጠፍነው። አስካለ ግን የእኔ ናቸው አለች። ለምን ስንላት እጇን ብቻ ታያለች።

መቶ አለቃው አልሄዱም። ያለ ጃንጥላ ውሃ የሚወርድበት መላ የለም ወይ ብለው ሻምበል ባሻን ጠየቁ። የሰፈሩ ጎሚስታ ከድር ተጠራ። ከድር ትንሽ አሰበና የካሚዮን ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ እያንከባለለ መጣ። ግማሹን ውሃ ሞላበት፣ አፉን በሽቦ ጠፍሮ አሠረው፣ ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ወረወረው። ከመነዳሪው መሬት ሲነካ አልፈነዳም። ነጠረ፣ ደግሞ ነጠረ፣ ከዚያ ቁልቁል ተንከባሎ በር ላይ የቆመውን ዘብ አሳደደው። ዘቡ መሣሪያውን ታቅፎ ሲሮጥ ሐዘን ላይ የነበርን ሰዎች በሳቅ ፈነዳን። መቶ አለቃ መርሻ ግን አልሳቁም። ይህ ነገር እንዳይፈነዳ አውሮፕላኑ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት እያሰቡ ነበር። መልሱ ገብቷቸዋል፤ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ሊያገኛቸው በሚችልበት ከፍታ ነው።

የሰፈሩን ከመነዳሪ ሁሉ ስንሞላና ስናስር አመሸን። ጠዋት አስካለ ጋውኗን አውልቃ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ ቤቴ እሄዳለሁ አለች። ሻምበል ባሻ ከመደርደሪያው አንድ የደረቀ የሰው ጃንጥላ አወጡ፣ በጉንጫቸው ነኩት፣ ጋውኗን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ፊቷ ዘረጉትና «እጠፊ» አሏት። የማን እንደሆነ አልነገሯትም። እኔን ጫፉን ያዢ አሉኝ። አስካለ እንባዋ ጨርቁን እንዳይነካ አንገቷን ወደ ጎን አዙራ አጠፈች፤ ቋጠሮውን በግራዋ ቋጠረች። ሌሎች ጠረጴዛዎች ላይም ለበረራ ሠራተኞቹ ይታጠፍ ነበር። ከዚያ ሻምበል ባሻ አስካለ ያጠፈችውን አንስተው እኔን አሸከሙኝ። አውሮፕላኑ በር ላይ መቶ አለቃ መርሻ ራሳቸው ከእጄ ተቀብለው ለበሱት።

የሆነውን በኋላ ከረዳቶቻቸው ሰማን። ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል ይላል አንዱ፣ ዘጠኝ ይላል ሌላው፤ ኮሎኔሉ እስከ ዛሬ አልቆጠርኩም ይላሉ። በየምልልሱ ዝቅ እያሉ ከመነዳሪዎቹን በበሩ ይገፏቸዋል። ከታች ወታደሩ እየነጠረ የሚመጣውን ውሃ እንደ ጥጃ እያሯሯጠ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ክንፉ ተመታ፤ አልተመለሱም። ቀጥሎ አንዱ ሞተር በእሳት ተያያዘ። የቀሩትን ከመነዳሪዎች ሳይጨርሱ አልወጡም። ከዚያ አውሮፕላኑን ከሰዉ በላይ አርቀው፣ ዘላዮቹ አየር እንዲያገኙ የቻሉትን ያህል ከፍ አድርገው፣ ሦስቱን ባልደረቦቻቸውን አስቀድመው አስዘለሉና በመጨረሻ ዘለሉ። አራቱም ጃንጥላዎች ተከፈቱ። መቶ አለቃው የወረዱት እዚያው ከተከበበው ጦር መሐል ነበር፤ የመጀመሪያው የጠጡት ውሃ ራሳቸው የወረወሩት፣ ጎማ ጎማ የሚል ውሃ ነበር። ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም ሲሉ ሚስታቸው እስከ ዛሬ ይቀየማሉ።

ከበባው ተሰብሮ ሲመለሱ ሜዳሊያ ተደረገላቸው። በማግስቱ ሙክት በመኪና ጭነው ጃንጥላ ክፍል መጡ። ያጠፈችልኝን ሴት፣ ወንድም ከሆነ ወንዱን፣ ጉልበቱን ልስም አሉ። ሻምበል ባሻ ያጠፈው ቤቱ ነው አሏቸው። መቶ አለቃው ሳቁና ወደ እኛ ዞሩ፤ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። «እኔ ጀግና የነበርኩት ከበሩ እስክዘል ነው» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ነው። ያን ሰው ስጡኝ።» ሻምበል ባሻ በአክብሮት ቆመው መለሱ። መጠየቅ ክልክል ነው፤ ማየት ግን ዐይን የሰጠዎት እግዜር ነው አሏቸው።

ሙክቱ ለቤቱ ታረደ። ለእነ ከድር ደግሞ መቶ አለቃው ሌላ አስመጥተው በሙስሊም ባራኪ ተባረከ። ግርግሩ መሐል ሻምበል ባሻን ለብቻቸው አገኘኋቸውና መቶ አለቃውን ያወረደውን ያጠፈችው አስካለ መሆኗን ልንገራት አልኳቸው፤ ልጅቷ በበርሜሎቹ ነገር እየተቃጠለች ነው አልኳቸው። ካዳመጡኝ በኋላ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ዛሬ ምስጋናውን ለይተሽ ከሰጠሽ፣ ነገ ወቀሳውንም ለይተሽ ትሰጫለሽ። በርሜሉ የማን ነበር ቢሉሽ ምን ልትዪ ነው? አፍሽን ያዢ፣ ልጄ።»

ቃል ገባሁ። የገባሁት እሳቸውን ስለማከብር ብቻ አይደለም፤ ነገሩ በመጨረሻ ስለገባኝ ነው።

ዓመታት አለፉ። ጦር ሰፈሩ እንደ አገሩ ተለዋወጠ፣ ቤቱ ተበተነ፣ እኔ ድንኳን ሰፊ ሆንኩ። አዲሱ አለቃዬ ድንኳንን እንደ ጃንጥላ ገጽ በገጽ ሳጥፍ ባየኝ ቁጥር፣ ሴትዮ ይህ እድር ላይ ነው የሚተከለው፣ ማንም ይዞት አይዘልም ይለኝ ነበር። መርሻም ኮሎኔል ሆኑ፣ ጡረታ ወጡ፣ ከየካ ተራራ ግርጌ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ቤት ሠሩ። የዘለሉበት ቀን ፍልሰታ ጾም ላይ ስለሚውል በየዓመቱ መስከረም ላይ የጃንጥላ ክፍልን ሰዎች ሁሉ ጠርተው ያበሉናል። ከመሶቡ መሐል የዶሮው ፈረሰኛ ይቀመጣል። ባለቤቱ ይብላው ይላሉ። ማንም አይነካውም፤ ወደ ጓዳ ይመለሳል። ሻምበል ባሻ በሕይወት እያሉ ፈረሰኛው ሲመለስ በኩራት ጢማቸውን ይዳብሱ ነበር። አስካለ በበኩሏ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ጥቂት ትቆነጥራለች። ምነው ጠጋ በይ ብላት፣ የእኔ እጅ ውሃ ያፈሰሰ ነው፣ እዚህ መቀመጤም ይበዛል ትለኛለች።

ሻምበል ባሻ አረፉ። ከድርም አረፈ። አንዱ ልጆቹ ጋ ሄደ፣ አንዷ አልጋ ላይ ዋለች፤ ዘንድሮ ከቤቱ የቀረነው እኔና አስካለ ብቻ ሆንን። ከግብዣው በፊት በነበረው ሳምንት ኮሎኔሉ ቤቴ ድረስ መጡ። ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ፣ ፈቱት፤ ውስጡ የትጥቅ ቀለበት፣ ላዩ ላይ ደግሞ በሰም የጠቆረ ቋጠሮ አለ።

«አልጠየቅኩሽም» አሉ። «አሳየሁሽ እንጂ።»

ቋጠሮው ወደ ግራ የዞረ ነው። ሌሎቹን ጃንጥላዎች ሁሉ አይተው እንዲህ ያለ እንዳላገኙ፣ ስለዚህ ያጠፈው ሰው ግራኝ መሆን እንዳለበት ከደረሱበት ብዙ ዘመን እንደሆነ ነገሩኝ። ታዲያ ለምን አላገኙትም ብላቸው አቀረቀሩ። በየዓመቱ የሚጋብዙን ለምስጋናም ነው፤ ግን ደግሞ ከመሐላችን በግራ የሚበላውን ለማየት ነበር። ስንበላ እጅ እጃችንን ሲጠብቁ ኖረዋል። አንድም ሰው በግራው አልበላም።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይቅርታ ጌታዬ እያልኩ እስቃለሁ። ሰው ፊት፣ ያውም ኮሎኔል ቤት፣ መሶብ ላይ፣ የትኛው የእናት ልጅ ነው በግራ እጁ የሚበላ? ሰማይ ላይ እሳት ውስጥ ያን ሁሉ መላ የመታ ጭንቅላት ይህን ሳያስብ ቀረ። እሳቸውም ቀስ በቀስ ገባቸውና አብረን እንባ እስኪመጣን ሳቅን። ስንጨርስ ግን ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ሰማንያ እየቀረበኝ ነው ብርሃኔ፣ ጉልበቱን ሳልስም ልሙት ወይ አሉኝ። ሸኝቻቸው ስመለስ አስካለን አሰብኩ። እሳቸው ማመስገን ፈለጉ፤ እሷ ግን ሙሉ ዕድሜዋን በራሷ እጅ አፍራ ኖራለች። ቃሌን ካላፈረስኩ ሁለቱም እንደዚያው ሊሄዱ ነው። ብዙ አሰብኩ። ሻምበል ባሻ አፍሽን ያዢ አሉኝ እንጂ እጅሽን ያዢ አላሉኝም።

የግብዣው ቀን ደረሰ። በኮሎኔሉ ግቢ ለፀሐይ የተወጠረውን ሸራ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የትኛው ገመድ ሲላላ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ሲጀምር፣ አስካለ አጠገቡ በተቀመጠችበት ባሕር ዛፍ በኩል አለፍኩና እጄን እንደምታጠብ መስዬ ገመዱን ፈታሁት። ሸራው ተነሥቶ ተርገበገበ። አንዱ ጫፍ መሶቡን ሊገለብጥ ለትንሽ ሳተ። የልጅ ልጆቻቸው ያዙት፣ ያዙት እያሉ ይሯሯጣሉ፤ የሚይዘው ግን የለም።

አስካለ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እዚያች ዕድሜ ላይ ያለች ሴት እንዲያ ስትነሣ አይቼ አላውቅም። የሚወራጨውን ገመድ ከአየር ላይ ቀለበችው። ቀኝ እጇ ወጥ ነክቶታል፤ ቅቤ የነካው እጅ ገመድ አይነካም፣ እሱን ወደ ላይ አንሥታ አራቀችው። በግራዋ ገመዱን ዛፉ ላይ አዞረች፣ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ሳበች፣ ቋጠረች። ሸራው ጸጥ አለ። ዘወር ስትል ሰዉ ሁሉ ሲያያት አፈረችና ልትቀመጥ ሄደች።

ኮሎኔሉ ወደ ዛፉ ሄዱ። መነጽራቸውን አደረጉ። መሐረቡን ከኪሳቸው አውጥተው ቀለበቱን ከአዲሱ ቋጠሮ ጎን ያዙት፤ አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። ከዚያ አስካለ ፊት መጡ።

«አስካለ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

ደንግጣ ተነሣች። ቀኝ እጇን በቀሚሷ ልትጠርግ ሞከረች፣ ወጥ አለበት ይቅር ይበሉኝ እያለች ዘረጋችላቸው።

«ያኛውን» አሉ።

አልገባትም። ግራ እጇን በልጅነቷ እንዳደረገችው ከኋላዋ ደበቀችው። ኮሎኔሉ ቀለበቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩዋት። ቋጠሮዋን አወቀችው፤ የገዛ እጁን ሥራ የማያውቅ የለም። ቀለበቱን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ይቺ እጅ ናት?» አለች።

«ይቺ እጅ ናት» አሉና ጎንበስ ብለው ግራ እጇን ሳሙት። ጉልበቷንም ሊስሙ ሲወርዱ እሷም አብራ ወረደች፤ ሁለት ሽማግሎች መሬት ላይ ተንበርክከው ማን ማንን እንደሚያነሣ ጠፋቸው። የኮሎኔሉ ሚስት እልል አሉ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ማለት አይበቃም፤ ያን ቀን የተሰማኝን ያህል ደስታ በልጆቼም ሠርግ አልተሰማኝም።

ፈረሰኛውን ኮሎኔሉ በእጃቸው አጎረሷት። እያነባች አላመጠች፣ ዋጠች፣ ጨው አንሶታል አለች። የሚስቅ ጠፋ እንጂ እውነቷን ነበር፤ ወጡን እኔም ቀምሼዋለሁ።

ወደ ቤት ስንወርድ የኮተቤ ታክሲ ያዝን። አስካለ ቀለበቱን በመሐረቡ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከትታዋለች። ታውቂ ነበር ወይ አለችኝ። ያጠፈው ቤቱ ነው አልኳት። ጎኔን ቆነጠጠችኝ። በዚያ መሐል ረዳቱ ሂሳብ ብሎ እጁን ዘረጋ። እኔ ቦርሳዬን ስከፍት ቀደመችኝ፤ ብሩን በግራ እጇ ነበር የዘረጋችለት። ልጁ ቅር ብሎት አያትና እማማ በግራ ነው እንዴ አላት።

አስካለ እጇን አልሰበሰበችም።

«በግራ ነው» አለችው። «ሰው ከሰማይ ያወረደች እጅ ናት፤ ተቀበል።»